የፒያኖ መቃኛ መዶሻ ስለ መምረጥ

በንግድ ሥራ ላይ የሚኖር ሰው ዕቃ ሲያዝዝ አጥብቆ የሚጠነቀቀው ብዙ ገዢ ባለው ዕቃ ላይ ነው። ቆርቆሮ፣ ስኳር፣ ጨርቅ ወይም የመኪና ጎማ ሲሆን ናሙና ያስመጣል፤ ዋጋ ያወዳድራል፤ ከእርሱ በፊት ያስመጡትን ይጠይቃል። ገዢው በጣት የሚቆጠር ዕቃ ሲሆን ግን ካታሎጉን ይገልጥና ከሁሉ የረከሰውን መርጦ ያዝዛል፤ «ለጥቂት ሰው ብዬ ምን ያህል ልድከም» ይላልና። የፒያኖ መቃኛ መዶሻ እንዲህ ካለው ዕቃ አንዱ ነው። እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት መደብር በዚህ ዕቃ ምክንያት ገንዘብም ደንበኛም ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት ስለ ነበር፣ የሙዚቃ መሣሪያ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ ነጋዴ ወገኖቼ የተማርሁትን ለመግለጽ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

በመጀመሪያ የዕቃውን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። በውስጡ ያሉት የብረት ክሮች ግን ከ220 ይበልጣሉ፤ ምክንያቱም ከወፍራሞቹ ድምፆች በቀር ለአንድ ቁልፍ ሁለት ወይም ሦስት ክር ይወጠርለታል። እያንዳንዱም ክር በአንድ ጫፉ በብረት ችንካር ላይ ተጠምጥሟል። ችንካሩ በጠንካራ ድርብርብ እንጨት ውስጥ በኃይል ተተክሎ በእንጨቱ ጥብቀት ብቻ ተይዞ ይኖራል እንጂ ሌላ ማሰሪያ የለውም። የክራር ተጫዋች መቃኛውን በጣቱ እየጠመዘዘ ክሩን እንደሚያከርና እንደሚያላላ፣ የፒያኖ ቃኚም እንዲሁ ያደርጋል። ልዩነቱ በአንዱ የፒያኖ ክር ላይ ያለው ውጥረት ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 90 ኪሎ መሆኑ ነው። የሁሉም ክሮች ውጥረት ሲደመር ከ15 እስከ 20 ቶን ይደርሳል። ይህን የጣት ኃይል አይችለውምና፣ በችንካሩ አራት ማዕዘን ራስ ላይ የሚገባ አፍና ረዘም ያለ እጀታ ያለው መሣሪያ ተሠራ። አሠራሩ የቡሎን መፍቻን ይመስላል።

ታዲያ መፍቻ ከሆነ ለምን መዶሻ ተባለ ቢባል፣ ምክንያቱ ታሪክ ነው። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ቅርጻቸው መስቀለኛ ሆኖ ራሳቸው እንደ መዶሻ ነበር፤ ቃኚውም የላላውን ችንካር በዚያው መትቶ ወደ እንጨቱ ያስገባው ነበር። ዛሬ የሚመታበት ቀርቶ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ይህ ስም ለእኛ ለነጋዴዎች የሚያመጣውን ጣጣ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ካረፉ በኋላ የፒያኖ ድርሰቶቻቸው በየቦታው ይሰሙ ስለ ነበር፣ ወደ መደብራችን እየመጡ ስለ ፒያኖ የሚጠይቁ ወጣቶች በዝተው ነበር። አሠሪዬም ይህን አይተው በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ የውጭ አገር ላኪ 12 የመቃኛ መዶሻ አስመጡ። የአንዱ ዋጋ ከ30 ዶላር በታች ነበር። እጀታው ለስላሳ ጎማ የለበሰ፣ ሲያዩት የሚያምር፣ ሲጨብጡት የሚደላ ነው። ለደንበኞች በተላከው ማስታወቂያ ላይ «ለእጅ ምቹ» ብዬ የጻፍሁትም እኔው ራሴ ነኝ። ሰባቱ በሁለት ወር ውስጥ ተሸጡ።

ከገዢዎቹ አንዱ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዚህ ሥራ የኖሩ ሽማግሌ ቃኚ ነበሩ። የቀድሞ መሣሪያቸውን ታክሲ ውስጥ ረስተው በማጣታቸው ነበር የእኛን የገዙት። ሦስት ወር ያህል ቆይተው ክርናቸውን በጨርቅ አስረው መጡና መዶሻውን ከፊቴ አስቀመጡት። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ይህ መዶሻ ፒያኖውን አይቃኝም፤ እኔን ነው የሚቃኘኝ» አሉኝ። አሠሪዬ ግን፣ «ዕቃው አልተሰበረም፤ አልታጠፈም፤ ሦስት ወር ሠርተውበታል። በምን ሥርዓት ነው የሚመለሰው?» አሉ። እንደ ንግድ ደንብ ከተመለከትነው እውነታቸውን ነበር። ሽማግሌውም አልተከራከሩም፤ «እንግዲያው አንድ ሰው ከእኔ ጋር ይላኩና በዓይኑ አይቶ ይንገርዎ» ብቻ አሉ። እኔ ተላክሁ።

በአንድ ቤት ሳሎን ውስጥ ባለ ቋሚ ፒያኖ ፊት ቆሜ ያየሁት ይህ ነው። ሽማግሌው የመዶሻውን አፍ በችንካሩ ላይ አስገብተው እጀታውን ሲስቡ፣ እጀታው የአንድ ጣት ስፋት ያህል ይሄዳል፤ ችንካሩ ግን ገና አልተነቃነቀም። ጥቂት ሲጨምሩበት ችንካሩ በድንገት ዘለለና ድምፁ ከሚፈለገው በላይ ከረረ። ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ ከልክ በላይ ላላ። ለአንድ ክር አምስት ጊዜ፣ ስድስት ጊዜ ሳቡ። 220 ክር በአምስት ሲበዛ 1,100 ጊዜ መሳብ ማለት ነው፤ ይህም በአንድ ፒያኖ ብቻ ነው። ቀጥሎም ከአንድ የሥራ ባልደረባቸው የተዋሱትን አሮጌ መዶሻ ከቦርሳቸው አወጡ። ጎማም የለው፣ ቀለምም የለው፤ እንጨቱ በላብ ጠቁሯል። በዚያ ሲሆን ክሩ በሁለት እንቅስቃሴ ከቦታው ደረሰና ቆመ።

ከዚያም መብራቱን አስጠግተው የችንካሮቹን ራስ አሳዩኝ። አዲሱ መዶሻ የገባባቸው ማዕዘኖች መብለጭለጭና መዶልዶም ጀምረዋል። የችንካር ማዕዘን ከተበላ መዶሻ አይዘውም፤ ክሩ ተፈትቶ ችንካሩ ወጥቶ በሌላ ወፈር ባለ ችንካር መተካት ይኖርበታል። የቤቱ እመቤት ቡና አቅርበውልን በትሕትና ቆመው ነበር፤ በፒያኖአቸው ላይ ምን እየደረሰ እንደ ሆነ አያውቁም። «ለእጅ ምቹ» ብዬ የጻፍሁትን አስቤ አፈርሁ።

አሠሪዬ የነገርኋቸውን ሁሉ ሰምተው የሽማግሌውን ገንዘብ መለሱ። ያልተሸጡትን አምስቱን ከመደርደሪያ አወረዱ፤ ለሌሎቹም ስድስት ገዢዎች መመለስ እንደሚችሉ ጻፍንላቸው። አራቱ መለሱ።

ከዚህ የተማርሁት ነገር፣ የመቃኛ መዶሻ ምቾት ያለው በእጀታው ላይ ሳይሆን በራሱና በአፉ ላይ መሆኑን ነው። ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። በመካከለኛው የፒያኖ ክፍል ያለን አንድ ክር የግማሽ ድምፅ መቶኛ ያህል ለማክረር፣ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለው እጀታ ጫፉ የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ቃኚው የሚሠራው በዚህ ስፍር ነው። እንግዲህ አፉ ችንካሩን በልኩ ካልያዘ፣ ወይም ዘንጉ እንደ ጅራፍ የሚለመጥ ከሆነ፣ ያ አንድ ሚሊሜትር በመሣሪያው ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል። ቃኚውም የጠፋውን ለማግኘት ጡንቻውን ያጠነክራል፤ ችንካሩ ሲዘልል ደግሞ ክንዱን በድንገት ይገታል። ክርንና የእጅ አንጓን የሚጎዳው ይህ መሳብና መግታት ነው። ለስላሳ ጎማ ደግሞ የችንካሩን እንቅስቃሴ ከመዳፍ ይሸሽጋል፤ ስለዚህ በመደብር ውስጥ የሚደላው ነገር በሥራ ላይ የሚያደክመው ሆኖ ይገኛል።

ስለ አፉ ጥቂት ልጨምር፤ ነጋዴው በይበልጥ የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነውና። ጥሩ መዶሻ አፉ ስምንት ማዕዘን ያለው ኮከብ ነው። አራት ማዕዘን አፍ ያለው በችንካሩ ላይ በአራት አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ ኮከቡ ግን በስምንት አቅጣጫ ይገባል። ይህም ቃኚው እጀታውን ክንዱ በማይጣመምበት ቦታ እንዲያደርገው ያስችለዋል። ከዚህ በቀር አፉ በቁጥር ይለያል፤ ለአብዛኛው ፒያኖ የሚሆነው 2 ቁጥር ነው። 1 ቁጥር አነስተኛ ራስ ላላቸው፣ 3 ቁጥር ደግሞ በወፍራም ችንካር ለተተኩ ፒያኖዎች ያገለግላል። በጥሩዎቹ መዶሻዎች ላይ አፉ በጥርስ የሚታሰርና የሚፈታ ስለ ሆነ፣ ሲበላ አፉ ብቻ ይለወጣል። ነገር ግን የአንዱ ፋብሪካ ጥርስ ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምምና፣ መለዋወጫውን ከመዶሻው ጋር ከአንድ ሠሪ ማዘዝ ያስፈልጋል። እኛ በሁለተኛው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ መዶሻ አንድ ትርፍ አፍ አስመጣን፤ ከመዶሻው ይልቅ ቶሎ ያለቀው እርሱ ነው።

ርዝመቱን በሚመለከት ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ጠበቅ ያለ ችንካር በ30 ሳንቲሜትር እጀታ 4 ኪሎ ኃይል የሚጠይቅ ቢሆን፣ በ20 ሳንቲሜትር እጀታ 6 ኪሎ ይጠይቃል። ስለዚህ በኪስ የሚገባ አጭር መዶሻ ለመያዝ ይቀላል እንጂ ለመሥራት አይቀልም። እንዲህ ስለ ሆነ ግን ከሁሉ የረዘመው ይሻላል ማለት አይደለም። በቋሚ ፒያኖ ላይ ችንካሮቹ ከፍ ብለው ስለሚገኙ ቃኚው ክንዱን አንሥቶ ነው የሚሠራው፤ ረጅምና ከባድ መዶሻ ትከሻን ያዝላል፤ ከፒያኖው ጎንም ይጋጫል። ከ28 እስከ 35 ሳንቲሜትር ያለው ለብዙ ሰው ይስማማል።

የራሱ ቁመትና ማዘንበል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ራሱ አጭር ሲሆን ኃይሉ ችንካሩን በማዞር ላይ ይውላል፤ ረጅም ሲሆን ግን ችንካሩን ወደ ጎን ያጎብጠዋል። የጎበጠ ችንካር እጅ ሲለቀው ተመልሶ ስለሚቃና ድምፁ ይለወጣል፤ ቃኚውም እንደ ገና ይደክማል። ማዘንበሉ በካታሎጎች ላይ በዲግሪ ይጻፋል፤ 5፣ 10 ወይም 15 ዲግሪ ይሆናል። 5 ዲግሪው ኃይሉ ቀጥተኛ ሲሆን፣ በግራንድ ፒያኖ ውስጥ ካሉት የብረት አግዳሚዎች ጋር እጅን ሊያጋጭ ይችላል። 15 ዲግሪው እጅን ከፍ አድርጎ ከግጭት ያድናል፤ ሆኖም ችንካሩን ይበልጥ ያጎብጣል። ሁለቱንም ዓይነት ፒያኖ የሚቃኝ ደንበኛ አንድ ብቻ የሚገዛ ከሆነ፣ በእኔ አስተያየት 10 ዲግሪው ይሻለዋል። ያነጋገርኋቸው አንድ ሌላ ቃኚ ግን ከ5 ዲግሪ በቀር አልነካም ብለዋል። ለዚህ ነው ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ማዘዝ የማይበጀው።

እጀታው በመጨረሻ የሚታይ ነገር ነው። ቀጭን እጀታ ጡጫን አጥብቆ ለመጨበጥ ያስገድዳል፤ መዳፍን ሞላ የሚያደርግ ወፈር ያለ እጀታ ግን ሳይጨብጡ በጣቶች ለመሳብ ያስችላል። ጫፉ እንደ ኳስ የሆነውን የሚወዱ አሉ፤ በመዳፍ ይገፉታልና። ዘንጉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ቀላልና የማይለመጥ ስለ ሆነ ብዙ ፒያኖ ለሚቃኝ ሰው እጅግ ይስማማል። ዋጋው ግን በካታሎጎች ላይ ከ300 ዶላር በላይ ነው፤ ደህና የሚባለው የብረትና የእንጨት መዶሻ ከ100 እስከ 200 ዶላር ይገኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ በብር ሲታሰብ የሚያስደነግጥ መሆኑን አልክድም። አሠሪዬም ቢሆኑ ዋጋውን ሲያዩ ወረቀቱን ሁለት ቀን በጠረጴዛቸው ላይ አሳድረውታል። ይሁን እንጂ መዶሻ በየዓመቱ የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ቃኚው ዕድሜውን ሙሉ ሊሠራበት ይችላል።

ገዢው ሳይሞክር እንዳይገዛ አንድ ዘዴ ተጠቅመናል። ሽማግሌው ከተጣለ ፒያኖ የተቆረጠ የችንካር እንጨት አመጡልንና አራት ችንካር እንደ ተተከሉበት በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ አሰርነው። ደንበኛው መዶሻውን አስገብቶ እጀታውን በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያነቃንቃል። «ቋ» የሚል ድምፅ ከሰማ ወይም ልቅነት ከተሰማው አይገዛውም። እኛም አዲስ ዕቃ ሲገባ ሣጥኑን ከፍተን በዚሁ እንመረምራለን። ከመጣልን ስምንት መዶሻ አንዱ በዚህ ተይዞ ለላኪው ተመልሷል።

ስለ ስሙ ጣጣ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ሁለተኛው ትእዛዛችን ሲገባ በኢንቮይሱ ላይ የተጻፈው «መዶሻ፣ 8» ብቻ ነበር። ዕቃውን የመረመረው ሰው ዋጋውን አይቶ፣ «አንድ መዶሻ ከመቶ ዶላር በላይ? ከወርቅ ነው የተሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሥዕሉንና ማብራሪያውን እስክናቀርብ ዘጠኝ ቀን ዘገየ። ስለዚህ ላኪው በኢንቮይሱ ላይ «የፒያኖ ክር መቃኛ የእጅ መሣሪያ» ብሎ እንዲጽፍና የካታሎጉን ገጽ እንዲያያይዝ አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

እንደዚሁም እጀታው ሮዝውድ ከተባለው እንጨት የተሠራ እንደ ሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመጥፋት የሚያሰጉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት የሚነገዱበትን ሁኔታ የሚወስነው ሳይተስ የተባለው ስምምነት፣ ከጥር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳልበርጂያ የሚባለውን የዚህን እንጨት ዘር በሙሉ በቁጥጥር ሥር አድርጎታል። በ2019 እ.ኤ.አ. ላለቀላቸው የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ ለክፍሎቻቸውና ለተጨማሪ ዕቃዎቻቸው ሰፊ ማቅለያ ተሰጥቷል። ቢሆንም የእንጨቱ ስም በወረቀት ተጽፎ ቢመጣ ወይም እጀታው ከናይሎን ወይም ከሌላ እንጨት ቢሆን ለነጋዴው ዕረፍት ነው። ናይሎኑ ደግሞ አይሰነጠቅም።

የማዘዣውን ወራት በሚመለከት የአገራችንን አየር ማስተዋል ይጠቅማል። ፒያኖ ከእንጨት የተሠራ ስለ ሆነ በክረምት እርጥበት የድምፁ ሳንቃ ያብጣል፤ ክሮቹም ይከርራሉ። በበጋ ደረቅ አየር ሳንቃው ይኮማተራል፤ ክሮቹም ይላላሉ፤ የችንካሮቹም እንጨት ይደርቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር እንደሚገኘው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያሉ ተቋሞች፣ ሆቴሎችና ፒያኖ ያላቸው ቤተሰቦች ቃኚ የሚፈልጉት አየሩ ሲለወጥ ነው። ስለዚህ እኛ ትእዛዛችንን በግንቦት ጽፈን ዕቃው ከመስከረም በፊት እንዲገባ እናደርጋለን። ሽማግሌው ከሁለተኛው ትእዛዝ ባለ 10 ዲግሪውን መርጠው ወስደዋል፤ ዋጋውንም በሦስት ጊዜ ከፍለው ጨርሰዋል።